የካልሲ አሻንጉሊት ቀረጻ በጅማ፦ ከመቀሱ እስከ ድምፁ

መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን ስታቋቁም ሥራው የተጀመረው መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ነው። የልጆች ዝግጅታቸው ዋና ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የምትባል ከካልሲ የተሰራች ቀጭኔ ነበረች። ዝግጅቱ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ለትምህርታዊ ዝግጅቶች የሚሰጠውን ጃፓን ፕራይዝ የተባለ ሽልማት አሸነፈ፣ በኋላም አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በሌሎች ያገራችን ቋንቋዎች ተሰራ። በዚያ መንገድ ጅማ ላይ ለሚጀምር ሰው ዕቃው ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ ለእሱም መላ አለው።

እስከ ጉልበት የሚደርስ የኳስ ካልሲ ግዙ፤ አጭር ካልሲ ክንድ ያጋልጣል። የጣቱን ስፌት ተከትላችሁ ቅደዱና በሁለቱም ጎን 8 ሳንቲሜትር ወደ ተረከዙ አስረዝሙት። አፉ 16 በ9 ሳንቲሜትር የሆነ ሞላላ ነው። ካርቶን አትጠቀሙ፦ የእጅ ላብና የጅማ እርጥበት ተባብረው በጥቂት ቀን ያለሰልሱታል። ከ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ጎን ቁረጡ፣ ሞላላውን እያንዳንዱ ግማሽ 8 በ9 እንዲሆን መሃል ለመሃል ለሁለት ክፈሉት፣ ከዚያ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ትታችሁ በጨርቅ ፕላስተር አያይዙት። ሳይከፈል ከታጠፈ ፕላስቲኩ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ላዩን 18 በ11 የሆነ ቀይ ጨርቅ አልብሱትና ትርፉን ከካልሲው ጋር በእጅ ስፉት። ማስቲሽ የሚገባው በፕላስቲኩና በጨርቁ መካከል ብቻ ነው፤ ካልሲውን ከነካ ዘልቆ ይደርቅና ከንፈሩ እንደ ቂጣ ይገተራል።

ዓይን ላይ አትቸኩሉ። ነጭ ትልልቅ ቁልፎች ወይም ለሁለት የተከፈለ የፒንፖንግ ኳስ ይበቃል፤ ጥቁሩን ነጥብ ግን መሃል ላይ አታድርጉት። ትንሽ ወደ አፍንጫው ሲጠጋ አሻንጉሊቱ የሚያየውን ልጅ ያይ ይመስላል፤ መሃል ላይ ሲሆን ፈዞ ይቀራል። ጥቁሩ የሚያብረቀርቅ ከሆነ መብራት ያንጸባርቃል፤ ጥቁር ጨርቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ድምፅ። ድምፅን ከምስል በፊት ቅረጹ። የቪዲዮው ድምፅ በኋላ ስለሚጠፋ፣ ዝናቡ ቢያንጎራጉር፣ ባጃጅ ቢያልፍ፣ አዛን ወይም ቅዳሴ ቢሰማ ግድ የላችሁም። ለድምፁ ግን ክረምት ላይ ጠዋቱን ያዙ፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በራሳችሁና በስልኩ ላይ ጣሉ፣ ከአፍ 15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ራቅ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ጎን ያዙት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ጰ» ይፈነዳሉ። ለ5 ደቂቃ ዝግጅት 400 ቃል ገደማ ይበቃል። ልጆች የሚመልሱት ጥያቄ ካለ ከኋላው 3 ሰከንድ ዝም በሉ፤ አዋቂ ሲያዘጋጅ ይህን ቦታ ሁልጊዜ ይቆርጠዋል።

ቀረጻው እንዲህ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ይጨብጨብ። ያንኑ ድምፅ በሌላ ስልክ ጮክ አድርጋችሁ እያጫወታችሁ አሻንጉሊቱን አንቀሳቅሱ። ካፕከት በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ መተግበሪያ ላይ የድምፁንና የቪዲዮውን ጭብጨባዎች አንዱን በሌላው ላይ ካሳረፋችሁ በኋላ የቪዲዮውን ድምፅ አጥፉ።

አፍ የሚከፈተው አውራ ጣትን ወደ ታች በማውረድ ነው። አራቱን ጣቶች ወደ ላይ የሚያነሳ ሰው የአሻንጉሊቱን ዓይን በየቃሉ ወደ ኮርኒስ ይሰቅለዋል። ለእያንዳንዱ ፊደልም አትክፈቱ። «ሰላም» ሁለት መክፈቻ ነው፦ «ሰ» ጠበብ፣ «ላ» ሰፋ፣ «ም» ሲመጣ ይዘጋል። አናባቢ የሌለው ሳድስ አፍ አያስከፍትም። አፋን ኦሮሞ ላይ አናባቢው ሲረዝም አፉም ተከፍቶ ይቆያል።

መጋረጃው በሁለት ወንበሮች መካከል ይወጠር፤ አንቀሳቃሹ ከኋላው በአጭር በርጩማ ይቀመጥ፣ ከክርኑ ስር ሳጥን ይግባለት። ያለ ሳጥን ክንድ ቶሎ ይዝላል፣ አሻንጉሊቱም ሳይታወቅ እየሰመጠ ይሄዳል። አንቀሳቃሹ ይህን ከኋላ ሆኖ ስለማያይ አንድ ሰው ስክሪኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ «አንሳ» ይበለው። አንዱ ቀረጻ ከ1 ደቂቃ አይብለጥ።

ብርሃን ከጎን ካለ መስኮት ይሁን። በአምፖል ከሆነ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ሊመላለስ ይችላል፦ መብራታችን 50 ኸርዝ ነውና ስልኩን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ስልኩ 30 ፍሬም ብቻ ካለው ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ቆልፉት፤ ይህም ካልተቻለ አምፖሉን አጥፉና በመስኮቱ ብቻ ስሩ።

ከማሰራጨታችሁ በፊት አምስት ስድስት ልጆች ሰብስባችሁ አሳዩአቸውና ስክሪኑን ትታችሁ ልጆቹን እዩ። ብዙዎቹ ፊታቸውን ያዞሩበትን ደቂቃ ጻፉ፤ የሚቆረጠው እሱ ነው። ልጆቹን የምትቀርጹ ከሆነ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ለአፋን ኦሮሞው ቅጂ ሰላምታውንና የቅርብ ምስሎችን በአዲሱ ድምፅ እንደገና ቅረጹ። አሻንጉሊቱ በጀርባው ወይም ከሩቅ የሚታይባቸው ቦታዎች ከአማርኛው እንዳሉ ይወሰዳሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሩቅ የተቀረጹትን ለብቻ ፎልደር አስቀምጡ፣ ድምፅና ምስሉንም ሳታዋህዱ ያዙ።