የዙም ጉባኤያችሁ በረኛ ይኑረው

አንድ ቅዳሜ ማታ በዙም (በኢንተርኔት የቪዲዮ ስብሰባ) በምናደርገው ጉባኤ ላይ መምህሩ ገና ስብከቱን እንደ ጀመሩ፣ የማናውቀው ሰው ስክሪን ሼር አድርጎ (የራሱን ስክሪን ለሁሉም አሳይቶ) ጸያፍ ምስል ለቀቀብን። አንዲት እናት ስልኩን መዝጋት ሲያቅታቸው በነጠላቸው ሸፈኑት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ጥፋቱ የእኛ የአዘጋጆቹ ነበርና። ሊንኩን ከነፓስኮዱ ማንም በሚያየው የቴሌግራም ቻናል ላይ ለጥፈነው ነበር።

ስለዚህ ማስታወቂያውን የፈለጋችሁበት ለጥፉ፣ ሊንኩን ግን ለምታውቋቸው አባላት ብቻ ላኩ። ለእያንዳንዱ ጉባኤ አዲስ አይዲ (የስብሰባ ቁጥር) ይውጣ። ነጻው ዙም በ40 ደቂቃ ይቋረጣል፤ ሰው ተደናግጦ አዲሱን ሊንክ በየቦታው የሚበትነው ያኔ ነው። ሁለተኛውን ሊንክ ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ወይም ተዋጡና የሚከፈልበትን ግዙ።

ቀጥሎ በረኛ። ዌይቲንግ ሩም (ሰው ከመግባቱ በፊት የሚጠብቅበትን ክፍል) ከፍታችሁ አንድ ሰው በር ላይ መድቡ፤ መዝሙር የሚመራው ወይም የሚሰብከው አይሁን። እናቶች ብዙ ጊዜ የሚገቡት በልጅ ልጅ ስልክ ስለሆነ ስማቸው «ጋላክሲ ኤ12» እያለ ይመጣል። በረኛው ወይ ይመልሳቸዋል፣ ወይ ሲሰለቸው «አድሚት ኦል» ብሎ ሁሉንም ያስገባል፣ እኛን ያስበላን ይሄው ነው። አሁን ሁሉም በክርስትና ስሙ ይገባል፤ ድሮም በጸሎት የሚነሳው ይሄው ስም አይደል? በረኛው ስምና ስልክ ቁጥር የያዘ ዝርዝር ከጎኑ አለ። ወለተ ማርያም የሚባሉት አራት ስለሆኑ ሲጠራጠር ይደውላል፦ «እማማ፣ አሁን በር ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

ዓረብ አገር ላሉ እህቶቻችን ይሄ ጥንቃቄ ከምንም በላይ ያስፈልጋል። ሳዑዲ ውስጥ ከእስልምና ውጪ ያለ አምልኮ በአደባባይ አይፈቀድም። ማድቤት ሆና በአንድ ጆሮዋ ስብከት የምትሰማ ልጅ ፊቷና የፓስፖርት ስሟ ለምን ይታያል? ካሜራ ክፈቱ ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ዩቲዩብ ላይ የምትጭኑት ከሆነ የመምህሩ ምስል ብቻ ይቀዳ። የተሰብሳቢውን ስክሪንሻት ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ደግሞ ጭራሽ ይቅር፣ በፍቅር የተደረገ ቢሆንም።

ሌላው ቀላል ነው። ስክሪን ሼር ለሆስት (ስብሰባውን ለከፈተው) ብቻ ይሁን፣ ሰው ሲገባ ማይኩ ይዘጋ። ሁሉም ከገባ በኋላ ስም መቀየር ይዘጋ፤ አለዚያ አንዱ ተነሥቶ የአባን ስም ይለጥፍና የባንክ ቁጥር ቻት ላይ ይጽፋል። የገንዘብ ነገር በኮሚቴው አንደበት ብቻ ይነገር። ንስሐም ከንስሐ አባት ጋር ለብቻ እንጂ ዙም ላይ አይሆንም።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም አንዱ ሾልኮ ከገባ አትሟገቱት። በሆስቱ ስክሪን ላይ ሆስት ቱልስ በሚለው ውስጥ (በድሮው ስሙ ሴኪዩሪቲ) «ሰስፔንድ ፓርቲሲፓንት አክቲቪቲስ» የሚል አለ፣ የሁሉንም ቪዲዮ፣ ድምፅና ቻት በአንዴ ያቆማል። ከዚያ ሰውየውን አስወጡትና መምህሩ «አባታችን ሆይ» ብለው ካቆሙበት ይቀጥሉ። በረኛው ቁልፉን ከጉባኤው በፊት ሦስት አራት ጊዜ ይለማመደው፤ እኛ የዚያን ቀን የት እንዳለ ስንፈልግ ነው ምስሉ እዚያው የቆየው።

ሲያልቅ «ኤንድ ሚቲንግ ፎር ኦል» በሉ። ሆስቱ ዝም ብሎ ከወጣ መውጣት የማይችሉ እናቶች ማይካቸው እንደተከፈተ ይቀራሉ፣ የቤታቸውም ወሬ ለማያውቁት ሰው ይሰማል።