የትልቅ ቁጥር አካፋዮች ሲዛቡ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የመካፈል ደንቦችን አንባቢው ያውቃቸዋል ብዬ አልፋቸዋለሁ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ የማርመው ግን ደንቡን በትክክል ተከትለው የተሳሳተ ውጤት የሚያገኙትን ነው። ማሳያዬ 9007199254740993 ነው። ይህ ቁጥር 3 × 107 × 28059810762433 ሲሆን፣ ሦስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ስለሆኑ አካፋዮቹ 8 ብቻ ናቸው።

ምልክት፦ ቁጥሩ በ10 የሚካፈል ወይም ተጋማሽ ሆኖ ይታያል።

መንስኤ፦ መሣሪያው ያስገቡትን ቁጥር አልያዘም። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሀዝ ብቻ ስለሆነ 16ኛውን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል፤ ቁጥሩም 9007199254740990 ይሆናል። በነጥብ ቁጥር (floating point) የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ደግሞ ከ2 ርቢ 53 በላይ ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች በሁለት በሁለት እየዘለሉ ስለሚይዙ የእኛን ቁጥር 9007199254740992 ያደርጉታል። ይህ ራሱ 2 ርቢ 53 ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ፣ ይህ ቁጥር ከ2 በቀር ብቸኛ አካፋይ የለውም፤ አካፋዮቹም 54 ናቸው» ብላ ሁለት ገጽ ሙሉ የተሠራ ወረቀት አምጥታልኛለች፤ ስሌቷ እንከን የለውም፣ የሠራችው ግን ለሌላ ቁጥር ነው። የአንድ ቡና ነጋዴ ጸሐፊም ባለ16 አሀዝ መለያ ቁጥሮችን በሙሉ በዜሮ የሚያልቁ አድርጎ ከመዘገበ በኋላ «ኮምፒውተሩ ነው» ብሎኛል። ኮምፒውተሩ ያደረገው የታዘዘውን ነው።

መፍትሔ፦ በኤክሴል የዓምዱን ዓይነት ቁጥሩን ከማስገባትዎ በፊት ወደ ጽሑፍ ይለውጡ። ካስገቡ በኋላ መለወጥ የጠፋውን አሀዝ አይመልስም፤ ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርሁ አላስታውስም። ለስሌቱ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይጠቀሙ፤ ሙሉ ቁጥርን ሳይቆርጥ ይይዛል። ሲያካፍሉ ግን የነጥብ ቁጥር በሚሰጠው በ/ ፋንታ ሙሉ ቁጥር የሚሰጠውን // ይጻፉ፤ ቁጥራችንን በ/ ለ1 ብቻ ቢያካፍሉት እንኳ መጨረሻው 2 ይሆናል። አሥር አሀዝ ብቻ በሚያሳይ ርካሽ ካልኩሌተር ይህን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ውጤቱን በእጅዎ ያረጋግጡ። የቁጥራችን አሀዞች ድምር 78 ነው፤ ለ9 ሲካፈል ቀሪው 6 ይሆናል። የሦስቱ አካፋዮች ቀሪዎች 3፣ 8 እና 4 ሲሆኑ ብዜታቸው 96 ነው፤ የእሱም ቀሪ 6 ነው። ሁለቱ ቀሪዎች ካልተስማሙ የሆነ ቦታ ስሕተት አለ። መስማማታቸው ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ምክንያቱም ቦታቸውን የተለዋወጡ አሀዞች ድምሩን አይነኩትም።

አካፋይ የሚፈልገው ፕሮግራም አላልቅ ካለ፦ ፍለጋውን የቁጥሩ ዳግም ዘር ላይ ያቁሙ። ለ28059810762433 ከ5.3 ሚሊዮን ማለፍ አያስፈልግም።

የ1000000 አካፋዮች 48 ወይም 50 ከሆኑ፦ 1000 ተዘልሏል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ ትክክለኛው 49 ነው።

በፌርማ ፈተና (ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በሚገምት ፈተና) ያለፈ ቁጥር ሌላ አካፋይ ከተገኘለት፦ 561 (3 × 11 × 17) እንዲህ ያታልላል፤ ፈተናውን ለዚሁ ዓላማ በሚያገለግለው ጠንካራ ፈተና፣ በሚለር–ራቢን፣ ይተኩት።