እንጅባራ ላይ አልጋ ስንይዝ የምንሳሳተው

ከባሕር ዳር በጉርድ ሸሚዝ ተነሥቶ እንጅባራ የሚወርድ እንግዳ ከሩቅ ይለያል። ሻንጣውን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ መናኸሪያው ደጃፍ ላይ ግራ ቀኝ ያያል። እኔም እንደዚያ ቆሜ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ለሥራ በዓመት አራት አምስት ጊዜ እመላለሳለሁ፤ ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ያልሠራሁት አንዱን ብቻ ነው። ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም በአዘቦት ቀን አልጋ አታሳጣም። የሚያሳስተን አልጋውን የምናየው በቀን፣ የምንተኛበት ግን በሌሊት መሆኑ ነው።

(መጀመሪያ ግን መውረጃችሁን እወቁ። ረዳቱ "ኮሶበር! ኮሶበር!" ሲል ከተማዋን በሌላ ስሟ መጥራቱ ነው። ይህን ሳያውቁ ተቀምጠው ያለፉ ሰዎች አሉ።)

"አለ" ሲሉን ማመን

"ሙቅ ውሃ አለ?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ "አለ" ነው። ውሸት አይደለም። ቦይለሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ መብራት ሲኖር ይሞቃል፣ ውሃ ሲመጣ ይፈሳል። ጣጣው ሁለቱ የሚገናኙበት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ራሴን ሳሙና በሳሙና አድርጌ ውሃው ቀጥ አለ። ፎጣ ታጥቄ በበሩ ስንጥቅ ባለቤቲቱን ጠራሁ።

"እትዬ፣ ሙቅ ውሃ አለ ብለውኝ አልነበር እንዴ?"

"ሙቁማ አለ የኔ ልጅ፤ የጠፋው ቀዝቃዛው ነው።"

ያን ጊዜ የቀለዱብኝ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። በኋላ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ሲያስረዳኝ እውነታቸውን ኖሯል። ቦይለር ውስጥ ያለውን ሙቅ ውሃ ወደ ላይ ገፍቶ የሚያወጣው ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቀዝቃዛው ከሄደ ሙቁ ሞልቶም ቢሆን እዚያው ታስሮ ይቀራል። እትዬ ግን በባልዲ አሙቀው አመጡልኝ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን በሰዓት አድርጉት። ዛሬ ጠዋት ውሃ ነበር? ስንት ሰዓት ላይ ሄደ? ታንከር አላችሁ? የታንከሩ ውሃ ሻወር ድረስ ይወጣል ወይስ በባልዲ ነው? ከዚያ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱት። ማንም አይቀየማችሁም። ማብሪያ ማጥፊያውንም ሞክሩ፤ የቦይለሩ ማብሪያ አንዳንድ ቤት ከክፍሉ ውጭ ኮሪደር ላይ ነው፤ ሌላ እንግዳ መብራቱ መስሎት ያጠፋዋል።

ብርዱን በቀን ፀሐይ መለካት

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዛችሁ አራት ዲግሪ ያህል ወርዳችኋል ማለት ነው። ይህ በቀን ብዙም አይሰማም። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ስለሚጠራ መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት ደመና የለም፤ ጎህ ሲቀድ ሣሩ ላይ ውርጭ ታያላችሁ።

አልጋው ላይ ስንት ብርድ ልብስ እንዳለ ቁጠሩ። አንድ ከሆነ ሁለተኛውን አሁኑኑ ጠይቁ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በር የሚከፍትላችሁ ዘበኛው ብቻ ነው፣ የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ደግሞ እሱ ጋ የለም። መጋረጃውን ገልጣችሁ መስታወቱን እዩ። እኔ አንድ ጊዜ ወፍራም መጋረጃ አይቼ "እንዴት ያለ ጥሩ ክፍል ነው" ብዬ የያዝኩት፣ ከኋላው መስታወት አልነበረውም፤ ካርቶን ነበር።

ከሰል ወደ ክፍል ማስገባት

ያልሠራሁት ስህተት ይኼ ነው፤ ብሠራው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

እንጅባራ ያለችበት አዊ ዞን የከሰል አገር ነው። በተለይ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ፣ ሲደርስ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፤ በየመንገዱ ዳር የተደረደረው ማዳበሪያ ሁሉ እሱ ነው። ከሰል ስላለ ምድጃ መለመን ቀላል ነው። ብርዱ የጠናበት እንግዳ "ቡናውን እዚሁ አፍሉልኝ" ይልና ቡናው ሲያልቅ ምድጃው እንዲቆይለት ይጠይቃል። በሩን ይዘጋል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ ይተኛል።

ብዙ ሰው "ፍሙ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ ጉዳት የለውም" ይላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ከቀላ ፍምም ይወጣል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ያንቀላፋል፤ የተኛ ሰው ደግሞ መታመሙን አያውቅም። ቡናውን በረንዳ ላይ ጠጡ። የምትተኙት ካልሲ አድርጋችሁ፣ ጋቢ ደርባችሁ ይሁን። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ "ለልጁ ይሙቀው" ብሎ ምድጃ የሚያቀርብላችሁን ደግ ሰው አመስግናችሁ መልሱት።

ለጥር 23 በጥር 22 መምጣት

የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ይከበራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን መነሻው ዓድዋ የዘመቱ ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ ነው። ያን ቀን ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ሲሞሉት ያየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ዘመዱን ይዞ ይመለሳል። ችግሩም ይኼው ነው።

የበዓሉ እንግዳ ብቻውን አይደለም። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ አልጋዎቹ በሚዜና በአጃቢ ይያዛሉ። በበዓሉ ሰሞን ደግሞ በየፎቁ ያለውን ክፍል ለእንግዶቹ አስቀድሞ የሚይዝ መሥሪያ ቤት አይጠፋም። በጥር 22 አመሻሽ ላይ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ወይ ማንም ያልፈለገውን ክፍል ነው፣ ወይ "ወንበር ላይ አሳድርሃለሁ" የሚል ባለ ግሮሰሪ።

ከገና በፊት ደውሉ። ቀብድ ስትልኩ ሦስት ነገር አስረግጡ። ዋጋው ለክፍሉ ነው ወይስ በሰው? የአንድ ሌሊት ነው ወይስ "የበዓል" ብለው ሁለት ሌሊት ያስከፍላሉ? ገንዘቡን የተቀበለው ስም የባለቤቱ ነው ወይስ የደላላ? ቴሌብሩ ላይ የሚወጣው ስም ከነገሯችሁ ስም ጋር ካልገጠመ ብሩን አትላኩ። ካጣችሁ ደግሞ ዳንግላ አድራችሁ በማለዳ መምጣት ይሻላል፤ በሌሊት ግን አትጓዙ። መንገዱ እንዴት እንዳለም ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ።

የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ሰሞንም እንደዚሁ ነው፤ ተመራቂ ሁሉ ቤተሰብ አለው።

ሰፊ ግቢ ማየትና መደሰት

የራሳቸው መኪና ያላቸው ሰዎች የሚወዱት ስህተት ነው። ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የሹፌሮች ቤት ነው። የአዲስ አበባና የባሕር ዳሩ አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፣ የቻግኒውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። የጭነት መኪኖቹ በጊዜ ገብተው በጊዜ ይተኛሉ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሞተር አስነሥተው እስኪሞቅ ድረስ ያንደቀድቁታል። ከግቢው ጀርባ ያለ ክፍል ጠይቁ። ከታች ግሮሰሪ ካለ ደግሞ ቅዳሜ ማታ እዚያ አትደሩ፤ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም።

መታወቂያ ሳይዙ መሄድም አለ። ያለ መታወቂያ አይመዘግቧችሁም፤ ክርክሩ ለእንግዳ ተቀባይዋ ልጅም ለእናንተም ድካም ነው።

ሁሉንም ከእንጅባራ አድሮ ማየት

ለዘንገና ሐይቅ እንጅባራ ማደር ይበቃል፤ ቅርብ ነው። 166 ሜትር ጥልቀት ያለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነውና ልጆች ከያዛችሁ እጃቸውን አትልቀቁ እንጂ፣ ጠዋት ሄዳችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ።

የዓባይ መነሻ የሆነው ግሽ ዓባይ ግን ሌላ ነው። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያን ምንጭ ለማየት ስንት ደክመዋል፤ እኛ ደግሞ "ከቁርስ በኋላ ደርሰን እንመጣለን" እንላለን። ከጢሊሊ ተገንጥሎ የሚገባው መንገድ ቀኑን ይበላዋል። ከዚያም በላይ ቦታው ጠበል ነው፤ ጠበል ደግሞ በባዶ ሆድ ነው። ምንጩ ያለበት የሰከላ አልጋ ቤቶች ቀለል ያሉ ናቸው፣ ብርዱም ከእንጅባራ ይብሳል፤ ቢሆንም እዚያው አድሮ በማለዳ መውረድ ነው የሚያዋጣው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን እንጅባራ ላይ ዱለት በልቼ፣ ሁለት ቡና ጠጥቼ፣ ባዶ ጀሪካን ይዤ ደረስኩ። አንዲት እናት "እህል ቀምሰሃል?" አሉኝ። ቀምሻለሁ አልኳቸው። ጀሪካኑን ተቀብለው ሞሉልኝና "ነገ ጠዋት ትጠጣዋለህ" ብለው መለሱኝ።