ሞተር ቆሞ እንዳይወድቅ፦ ለኮምቦልቻ–ሐይቅ የቡድን ጉዞ ዝግጅት

በቡድን ለመንዳት የሚዘጋጅ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ኩርባውና ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሞተር ግን ማደያ ወረፋ ላይ፣ ሻይ ቤት በር ላይ፣ ዳገት ላይ ለመዞር ሲሞከርም ይወድቃል። ፍጥነቱ ከእግረኛ እርምጃ ባይበልጥም 120 ኪሎ ብረት ቁርጭምጭሚት ላይ ሲያርፍ አጥንት ይሰብራል፤ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ባት ያቃጥላል፤ አንድ የተሰበረ የፍሪሲዮን (የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያላቅቀው) እጀታ ደግሞ የቡድኑን ሁሉ ጉዞ ያስቆማል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ልምምድ የሚያስፈልገው በዝግታ መንዳት፣ መቆምና መዞር ነው።

ለመጀመሪያ የቡድን ጉዞ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በደሴ በኩል ሐይቅ ገብቶ ማደር፣ እሑድ መመለስ ይበቃል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ገደማ። ርቀቱ ትንሽ ቢመስልም ከፍታው ብዙ ይለውጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በዝግታ ሲዞር የማይጠፋ ሞተር ሰውና ሻንጣ ጭኖ ደሴ ዳገት ላይ ሲዞር ድንገት ጭጭ ሊል ይችላል። እየዞረ እያለ ከጠፋ ደግሞ ወደ ዞረበት ጎን ይወድቃል።

ለምን ይወድቃል?

ምክንያቶቹ ብዙ አይደሉም። አንደኛው አሁን ያልነው ነው፦ የኋላ ጎማ የሚገፋው ኃይል ሲቋረጥ። ሞተር ጠፍቶም ሊሆን ይችላል፣ ነጂው ደንግጦ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ጨብጦም ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ አንድ ነው። ሁለተኛው መሪው ወደ ጎን ዞሮ ሳለ የፊት ፍሬን መያዝ ነው። ጎማው ቀጥ ባለበት የፊት ፍሬን ጥሩ ነው፤ በዞረ ጎማ ላይ ግን ክብደቱን ሁሉ ወደ ዞረበት ጎን ይገፋዋል፣ እግርም ቶሎ አይደርስም። ሦስተኛው እግር የሚያርፍበት ቦታ ነው፦ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ጠጠር፣ ማደያ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ፣ ዝናብ የነካው ኮብልስቶን። በወሎ የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ስለሚችል “ክረምት አይደለም” ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ልምምዱ

ከጉዞው ሳምንት በፊት ባዶ ሜዳ ፈልጉ፤ ሻንጣ ሳይጫን ጀምሩ። ሞተሩን 1ኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ ልቀቁ። መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ነጥብ እጃችሁ እስኪያውቀው ድረስ ደጋግሙ። በዝግታ ሲነዳ ፍሪሲዮኑ ከዚያ ነጥብ ጥቂት ወዲያና ወዲህ እያለ ይሠራል እንጂ ሙሉ አይለቀቅም፣ ሙሉም አይጨበጥም። ነዳጁን ከፍ አድርጋችሁ ሳትቀያይሩ ያዙ፤ ፍጥነቱን የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር ለስለስ አድርጎ በመጫን ቀንሱ። ነዳጅ፣ ግማሽ ፍሪሲዮንና የኋላ ፍሬን አብረው ሲሠሩ ሞተሩ ተወጥሮ ቀጥ ይላል። በዚህ መንገድ 20 ሜትር እግር ሳያወርዱ፣ የቻሉትን ያህል ቀስ ብለው መጨረስ ይለማመዱ። ፍሪሲዮኑ ስለሚግል በየአምስት ደቂቃው አሳርፉት።

ቀጥሎ መዞር ነው። የሁለት መስመር አስፋልት ስፋት 7 ሜትር ያህል ስለሆነ መሬት ላይ በድንጋይ 7 ሜትር ለኩና በዚያ ውስጥ ዙሩ። ከመዞር በፊት ፍጥነት ይቀነሳል፤ መዞር ከተጀመረ በኋላ የፊት ፍሬን አይነካም። ሞተሩን ወደ ውስጥ አጋድሉት፣ ራሳችሁን ግን ወደ ውጭ አድርጉ፤ ወደ ግራ ስትዞሩ ክብደታችሁ ቀኝ እግር መርገጫ ላይ ይሁን። ዓይን ደግሞ የምትወጡበትን ቦታ ይይ። ፊት ጎማን የሚያይ ሰው ሲዞር ይሰፋበታል፤ ጉድጓድ የሚያይም እዚያው ይገባል። መንገዱ የማይበቃችሁ ከመሰለ እግር ለመዘርጋት አትቸኩሉ፤ መሪውን አቃንታችሁ ቁሙና ሞተሩን አጥፍታችሁ እየገፋችሁ ዙሩ። ዳገት ላይ ከሆነ በእጅ መዞር ሁልጊዜ ይሻላል።

በሜዳ ያለ ሻንጣ ከተሳካ የኋላ ተሳፋሪ አስቀምጣችሁ ድገሙት። ተሳፋሪው የሚወጣው ነጂው ሁለት እግሩን አጥብቆ ረግጦ የፊት ፍሬን ይዞ “ውጣ” ካለው በኋላ ነው፤ ሲወርድም እንዲሁ። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚዘል ተሳፋሪ የቆመ ሞተር ይጥላል።

መቆምና ማቆም

ልትቆሙ ስትሉ ከፊት ያለውን መሬት አይታችሁ እግር የሚያርፍበትን ምረጡ። መሪው ቀጥ ይበል፤ የመጨረሻውን ሜትር በኋላ ፍሬን ጨርሱና ግራ እግር አውርዱ። መንገዱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ከፍ ያለው ጎን ያለውን እግር አውርዱ። ዝቅ ወዳለው ጎን የሚዘረጋ እግር መሬት ፍለጋ ሲሄድ ሞተሩም ይከተለዋል። ከደሴ በላይ ያሉ ዳገቶች ላይ ለመነሳት በቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ያዙ፣ ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ሲወጥር ነዳጅ ጨምሩና ፍሬኑን ያን ጊዜ ልቀቁ። ወደ ኋላ መንሸራተት ከጀመረ አትታገሉት፣ ፍሬኑን ይዛችሁ እንደገና ጀምሩ።

ስታቆሙ አፍንጫው ወደ ዳገቱ፣ 1ኛ ማርሽ ገብቶ፣ የጎን ስታንዱ ሙሉ ተዘርግቶ ይሁን። የጎን ስታንድ በግራ ነው፤ በግራ በኩል መሬቱ ከፍ ካለ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና በነፋስ ወይም በሕፃን ንክኪ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ሐይቅ ዳርቻ ያለው አፈር ሲረጥብ ይሰርጋል፤ ከስታንዱ ሥር የእጅ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። ሞተሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ በመካከላቸው አንድ ሜትር ተኩል ይተው። አንዱ ሲወድቅ አጠገቡ ያለውን ይዞ እንዳይሄድ ነው።

ከወደቀስ?

ሞተሩ ሚዛኑን ካለፈ በኋላ ለማዳን አትታገሉ። ወገብና ጉልበት የሚጎዳው በዚያች ሰኮንድ ነው። እግራችሁን አውጡ፣ ልቀቁት። ሌሎቹ ደርሰው “አብሽር” ሲሉ መጀመሪያ የሚደረገው ሞተሩን ማንሳት ሳይሆን ሰውየውን ማየት ነው፤ ከዚያ ሞተሩ በቁልፉ ይጠፋል፣ የነዳጅ ቧንቧ መዝጊያ ካለው ይዘጋል፣ አጠገብ ሲጋራ አይለኮስም። የሚመጣው መኪና እንዲያይ አንድ ሰው ወደ ኋላ ይሂድ።

ወድቆ ሳለ 1ኛ ማርሽ ይግባ። በቀኝ ከወደቀ የጎን ስታንዱ አሁኑኑ ይዘርጋ፤ ሲነሳ ወደዚያ እንዳይሻገር ይይዘዋል። ተዳፋት ላይ ጎማዎቹ ወደ ዳገቱ ከሆኑ ሁለት ሰው ጎትቶ ጎማዎቹ ወደ ቁልቁለቱ እንዲዞሩ ያድርግ። አለዚያ ማንሳቱ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። መሪውን ሞተሩ ወደተኛበት ጎን እስከ መጨረሻው አዙሩ። ጀርባችሁን ለሞተሩ ሰጥታችሁ ቁጭ በሉና መቀመጫችሁ የሞተሩን መቀመጫ ይንካ። በአንድ እጅ የታችኛውን የመሪ እጀታ፣ በሌላው የኋላ ሻንጣ ማሰሪያውን ብረት ያዙ። ጀርባ ቀጥ፣ ጉልበት በርከክ ብሎ፣ ትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየረገጣችሁ በእግር ግፉት። ሁለት ሰው ካለ አንዱ ከመሪው፣ አንዱ ከኋላ ይያዝ፤ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮና ማርሚታ አይያዙም።

ከተነሳ በኋላ ለማስነሳት ወዲያው አትምቱት። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ የሚፈስ ቤንዚንና ዘይት እዩ። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ቤንዚን ስለሚሞላው ሲነሳ አሻፈረኝ ሊል ይችላል፤ ቾኩን ሳትጠቀሙ ነዳጁን ሙሉ ከፍታችሁ ምቱት። ከዚያ የፊት ፍሬን እጀታ፣ የካምቢዮ ፔዳል፣ የኋላ ፍሬን ፔዳልና እግር መርገጫ መታጠፋቸውን፣ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ራሱ መመለሱን አረጋግጡ። መሪው ከጎማው ጋር ካልተስማማ ፊት ጎማውን በጉልበት መሃል አጥብቃችሁ መሪውን በእጅ ጎትታችሁ አቃኑት።

ማርሚታ ያቃጠለው ቆዳ ላይ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ይፍሰስበት።

ሐሙስ የሚፈተሽ

ዓርብ ማታ ጋራዥ ስለማይገኝ ፍተሻው ሐሙስ ይለቅ። ለዝግታ መንዳት ወሳኙ የፍሪሲዮን ገመድ ነው፦ የእጀታው ጫፍ ገመዱን መሳብ ሳይጀምር 1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይጫወት፤ ገመዱ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ይቀየር። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ የሚሽከረከርበት ፍጥነት፣ ዝቅ ካለ ጠዋት ደሴ ብርድ ላይ ይጠፋል፤ ሞተሩ ከጋለ በኋላ በደቂቃ 1,300 ዙር አካባቢ እንዲሆን አስተካክሉት። ካቴናው (ሰንሰለቱ) መሃል ላይ ሲነሳና ሲወርድ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። የጎማ ነፋስ ለ100–150 ሲሲ ሞተር ከፊት 25፣ ከኋላ 28፣ ተሳፋሪ ካለ 32 ፒኤስአይ ገደማ፤ የሞተሩ ተለጣፊ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ።

አንድ ትንሽ ሥራ ብዙ ዋጋ ያድናል። የፍሪሲዮንና የፊት ፍሬን እጀታ መሪው ላይ የታሰሩበትን ብሎን እስከ መጨረሻ አታጥብቁት፤ ጠንክሮ ሲገፋ ብቻ የሚዞር ይሁን። ሞተሩ ሲወድቅ እጀታው ይዞራል እንጂ አይሰበርም።

ለቡድኑ የሚያዙት፦ አንድ የፍሪሲዮን ገመድ፣ አንድ አንድ የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታ፣ ካንዴላና የካንዴላ ቁልፍ፣ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ)፣ ማጣበቂያና መጣፊያ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ 8፣ 10፣ 12 እና 14 ቁልፍ፣ ፌሮ ሽቦ፣ የቁስል ማሸጊያ። ተመሳሳይ ሞተር ያላቸው ካሉ እጀታው ለሁለቱም ይሆናል፤ እንደ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያሉ የተለያዩ የሞተር ዓይነቶች ከተቀላቀሉ ለየብቻ ይያዝ። የሚከብደው ነገር ከመቀመጫው ሥር አካባቢ ይታሰር፤ ከኋላ ማሰሪያው ላይ ከፍ ብሎ የታሰረ ጄሪካን ሞተሩን ከላይ ይጎትታል። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የሦስተኛ ወገን መድን ደረት ኪስ ውስጥ ይሁኑ። ቤንዚንም ዓርብ ይሞላ፤ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን አትመኑ።

መንገድ ላይ

ከ6 ሞተር በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ። ልምድ ያለው አንዱ ይምራ፣ ሌላው መጨረሻ ይሁን፤ አዲሶቹ ከሚመራው ሰው ቀጥሎ ይግቡ። ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ሰያፍ ተራ (አንዱ በግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ) ተይዞ፣ ከፊት ለፊታችሁ ካለው ሞተር 2 ሰኮንድ ይራቅ፤ ኩርባና ጠጠር ላይ አንድ ተራ ብቻ፣ ርቀቱም ይጨምር። እያንዳንዱ ከኋላው ላለው ኃላፊ ነው፦ በስፖኪዮ ካላያችሁት ቀስ በሉ፤ ካልመጣ ቁሙ።

የሚቆምበትን ቦታ ከመነሳት በፊት ተስማሙ፤ ሜዳ፣ ሰፊና ከመንገድ የወጣ ይሁን። ቡድኑን የሚመራው ሲቆም እስከ ጥግ ዘልቆ ይግባ፤ መግቢያው ላይ ከቆመ ከኋላው ያለው ነጂ የሞተሩ መሪ ዞሮ ሳለ ፍሬን ይይዛል፣ ያን ጊዜ ይወድቃል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠዋት መነኻሪያ ካሉ ሾፌሮች ጠይቁ። ቅዳሜ 2 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ የደሴ ጉም ሲገፈፍ ማለፍ፣ ሁለቱንም ቀን ከ11 ሰዓት በፊት መግባት ነው።

እሑድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መንከባለል የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። 2ኛ ወይም 3ኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ራሱ ይያዝ፤ ፍሬን ቆንጠጥ ለቀቅ እየተደረገ እንጂ ተጭኖ አይወረድም። ያለማቋረጥ የተያዘ ታምቡር (የፍሬኑ ከበሮ) ግሎ ፔዳሉ ይላላል፣ መያዙም ይቀንሳል። እንዲህ ከሆነ ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙና 15 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ውሃ አታፍስሱበት፣ በእጅም አትንኩት።