የአሮጌ መኪና የዘይት ግፊት ጌጅ ሲበላሽ እንዴት ይጠገናል?

የዘይት ጌጁ መርፌ ዜሮ ላይ ሲወድቅ ብዙ ሾፌር «ጌጁ ነው፣ ቆይቷል» ብሎ ይነዳል። አንዳንዴ ልክ ነው። ልክ ካልሆነ ግን ከደብረ ሲና የጣርማ በርን ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። ስለዚህ ጌጁ ዋሽቷል ለማለት መጀመሪያ ውሸቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

መርፌው መንገድ ላይ ከወደቀ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ሜዳ ቦታ ላይ ትንሽ ቆዩና በመለኪያ ዘንጉ ዘይቱን እዩ። ጎድሎ ከሆነ ጌጁን አትነካኩት፣ እውነቱን ነው የነገራችሁ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ቀድሞ ያልነበረ የማንኳኳት ድምፅ ካሰማም መኪናውን አስጎትቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ከብልሽት አትቁጠሩት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ጠዋት በዚያ ብርድ ዘይቱ ወፍሮ ስለሚያድር መርፌው ሽቅብ ይወጣል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ሙቀቱ ውስጥ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ፣ ስታቆሙት ያው መርፌ ዝቅ ይላል። ነዳጅ ሲረገጥ ተመልሶ ከተነሳ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። በብዙ አሮጌ የጃፓን መኪኖች መርፌው ቀስ ብሎ መነሳቱም ጠባዩ ነው።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱ። ጌጁ በሽቦ ነው ወይስ በቀጭን ቱቦ የሚሠራው? በጣም አሮጌ በሆኑት ላይ ዘይቱ ራሱ በቀጭን ቱቦ እስከ ዳሽቦርዱ ይሄዳል። ያ ከሆነ ቱቦው ተጣጥፎ፣ ተደፍኖ ወይም እያንጠባጠበ እንደሆነ እዩ፤ ሌላ ብዙ ነገር የለውም።

የሽቦው ግን ሐተታ አለው። መጀመሪያ የነዳጁንና የሙቀቱን ጌጅ ተመልከቱ። ሦስቱም አብረው ካበዱ ችግሩ ዘይቱ ጋ አይደለም፤ ፊውዙን፣ የዳሽቦርዱን ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ)፣ ወይም በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ለጌጆቹ ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ትንሽ ዕቃ ፈትሹ። የዘይቱ ብቻ ከሆነ የዘይቱን ግፊት ለጌጁ ወደሚነግረው ሴንሰር ውረዱ። አብዛኛውን ጊዜ ከዘይት ፊልትሮ አጠገብ ሞተሩ ላይ ተጠምዝዞ፣ ራሱ ላይ አንድ ሽቦ ተሰክቶበት ታገኙታላችሁ። የዘይቱን ቀይ መብራት የሚያበራው ስዊች ሌላ ነው፣ እንዳትሳሳቱ።

ሽቦውን በእጃችሁ ያዙት። የመንዝ ኮረኮንች ላይ የኖረ መኪና ከሆነ ጫፉ ላልቶ፣ በዘይትና በአቧራ ተለቁጦ፣ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ይሆናል። ላስቲኩ በሞተር ሙቀት ደርቆ ሲታጠፍ ይሰበራል። ባትሪውን ነቅላችሁ ጫፉን በቤንዚን እጠቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ በፒንሳ ጠበቅ አድርጉት። ቤንዚኑ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ባትሪውን መልሱ። ስንቱ ሰው እዚህ ላይ ሊያበቃ የሚችለውን ሥራ አዲስ ሴንሰር ገዝቶበታል!

ካልተስተካከለ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉና መርፌው የት እንደቆመ እዩ። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ በአንዲት ትንሽ የዳሽቦርድ አምፖል በኩል ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙት። አምፖሏ ጌጁ እንዳይቃጠል ትጠብቃለች። መርፌው ወደ ሌላው ጫፍ ከሄደ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው። ካልተነቃነቀ ሽቦው መሀል ላይ ተበጥሷል ወይም ጌጁ ራሱ ሞቷል።

ሴንሰሩ ተጠርጥሮም ቢሆን ወዲያው አትቀይሩት። ደህና ጋራዥ ማኖሜትር፣ ማለትም ግፊትን በቀጥታ የሚለካ ዕቃ፣ አለው። ሴንሰሩ ተነቅሎ ማኖሜትሩ በቦታው ይታሰርና ሞተሩ ይነሳል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ግፊት ካላሳየ አጥፉት። ብዙ አሮጌ ሞተሮች ሲሞቁ ሚኒሞ ላይ 1 ባር አካባቢ፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ከ2.5 ባር በላይ ይሰጣሉ። የመኪናው ማኑዋል ካለ ግን ቃሉ የእሱ ነው። ግፊቱ በእርግጥ ካነሰ ወሬው ወደ ዘይት ፓምፕና ወደ ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት) ይዞራል። መርፌውን ለማስነሳት ወፍራም ዘይት መሙላት መፍትሔ አይደለም፤ ለእኔ መኪና ሊሸጥ ያሰበ ሰው ተንኮል ነው።

ማኖሜትሩ ደህና ካለ ሴንሰሩን ቀይሩ። ደብረ ብርሃን ካጣችሁ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂዱ፣ አሮጌውን ግን ይዛችሁ። ሴንሰሩ የሚጠመዘዝበት የጃፓኑና የአሜሪካኑ ጥርስ ለዓይን አንድ ይመስላል፤ የጃፓኑ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ፣ የአሜሪካኑ 27 ነው። በግድ ካስገባችሁት የሞተሩን ጥርስ ይበላል። የመኪናችሁ ጌጅ የ12 ወይም የ24 ቮልት መሆኑንም ለሻጩ ንገሩት።

አዲሱን በእጃችሁ አስገቡ፣ ከዚያ በመፍቻ ጥብቅ አድርጉት፤ ጉልበት አታብዙ። ቴፍሎን አትከምሩበት። ሴንሰሩ ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ ቴፑ ሲበዛ መርፌው እንደገና ይዋሻል። የፊተኛውን አንድ ሁለት ጥርስ ባዶ ተዉት፣ ቁራጩ ዘይት መተላለፊያ ውስጥ እንዳይገባ።

ሽቦውን መልሱ፣ ከሚግለው የጭስ ማውጫ አርቃችሁ እሰሩት። ሞተሩን አስነሱና ሲሞቅ በባትሪ መብራት የሴንሰሩን ሥር እዩ። ዘይት ካረጠበው ሞተሩን አጥፍታችሁ ሩብ ዙር ጨምሩለት።