የአሜሪካ ኢንቨስተር ቪዛ፦ ፋይል የሚያበላሹ ስህተቶች

«ስንት ዶላር ይበቃል?» ሁሌም ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ጠያቂው ደግሞ ሁለት ቪዛ አደባልቆ ነው የሚጠይቀው። 800,000 ዶላር የሚባለው ኢቢ-5 ነው። ወደ ግሪን ካርድ ይወስዳል፣ አሥር የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ይጠይቃል፤ ያውም ገጠር ወይም ሥራ አጥነት የበዛበት አካባቢ ከሆነ ነው፣ ካልሆነ 1,050,000 ይሆናል። አብዛኞቻችሁ የምትፈልጉት ግን ኢ-2ን ነው። አሜሪካ ከሌሎች አገሮች ጋር በተፈራረመችው ስምምነት ላይ የቆመ፣ ንግድ ከፍቶ ወይም ገዝቶ ለማስተዳደር የሚሰጥ ቪዛ ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሄ ዕድል የላቸውም።

ኢ-2 በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ መጠን የለውም። የሚመዘነው ከንግዱ ዋጋ ውስጥ ምን ያህሉን እንዳስገባችሁ ነው፤ ንግዱ ርካሽ በሆነ ቁጥር ድርሻችሁ ወደ ሙሉው መጠጋት አለበት። 100,000 ዶላር የሚፈጅ የጽዳት ድርጅት ላይ 40,000 አስገብቶ «ቀሪውን ቀስ እያልኩ» ማለት አያስኬድም። ባንክ የተቀመጠ ገንዘብም ገና ኢንቨስትመንት አይደለም፤ ዕቃ የተገዛበት፣ ቤት የተከራየበት፣ ውል የታሰረበት ነው የሚቆጠረው። ንግዱን ራሱን አስይዛችሁ የተበደራችሁት አይቆጠርም፣ የግል ቤታችሁን አስይዛችሁ የተበደራችሁት ይቆጠራል።

የሚሠራ ንግድ የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡ በኢስክሮ፣ ማለትም በገለልተኛ ሦስተኛ ወገን እጅ በአደራ ይቀመጥ፦ ቪዛው ሲፈቀድ ለሻጩ ይለቀቃል፣ ካልተፈቀደ ይመለሳል። ሕጉ ይሄን ይቀበላል። ውሉ ላይ ሌላ የማፈግፈጊያ ቀዳዳ ከጨመራችሁበት ግን ገንዘቡ አልገባም ይባላል። ያለ ውል፣ ለሻጩ በእጁ ቀብድ የሚያስጨብጥ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም።

የገንዘቡ ምንጭ አንድ ነገር ነው፣ የመጣበት መንገድ ሌላ። አዲስ አበባ ቤት ሸጣችሁ ከሆነ ካርታው፣ ውልና ማስረጃ ያጸደቀው የሽያጭ ውል፣ የግብር ደረሰኙና ብሩ የገባበት የባንክ ስቴትመንት ከነትርጉማቸው ይቀርባሉ። እስከዚህ ሁሉም ያሟላል። ፋይሉ የሚሰበረው ቀጥሎ ነው። ብሩን አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ሰው አስረክባችሁ ዶላሩን ሜሪላንድ ላይ ከሌላ ሰው አካውንት ከተቀበላችሁ፣ በወረቀት ያ ገንዘብ የቤታችሁ ሽያጭ አይደለም። የማታውቁት ሰው ገንዘብ ነው። «የወንድሜ ጓደኛ ነው» ማስረጃ አይሆንም።

የድርሻው ነገር ደግሞ አለ። የንግዱ ቢያንስ 50 በመቶ በኢትዮጵያ ዜጎች መያዝ አለበት። አጎታችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢይዝም ግሪን ካርድ ካለው የሱ ድርሻ ለዚህ ስሌት አይገባም፤ ዜግነት የቀየረማ ጭራሽ። «እሱ አገሩን ያውቃል» ብላችሁ 60 በመቶውን በስሙ ካደረጋችሁ ማመልከቻው ገና ሳይነበብ ወድቋል።

ረጅሙ ማስጠንቀቂያ ለዚህኛው ነው፣ እኔም ዋጋ ከፍዬበታለሁ። በጎብኝ ቪዛ ገብታችሁ እዚሁ ሆናችሁ ወደ ኢ-2 መቀየር ይቻላል። አይ-94 (ስትገቡ የሚሰጣችሁ የመግቢያና የመቆያ መዝገብ) ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ፣ ለእናንተ ፎርም አይ-129፣ ለባለቤትና ለልጆች አይ-539 ይገባል። መልሱ እስኪመጣ ንግድ ማየት፣ መደራደር፣ መፈረም ትችላላችሁ፤ ካውንተር ኋላ ቆሞ መሸጥ ግን ያለ ፈቃድ መሥራት ነው፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን። «ተፈቅዷል» የሚለው ደብዳቤ ሲመጣ እንኳን ደስ አላችሁ ይባላል፣ ድግስ ይደገሳል። የተሰጣችሁ ግን ስታተስ፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ የመቆየት ፈቃድ እንጂ፣ መግቢያው ቪዛ አይደለም። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈ ነገር የለም። ከአሜሪካ የወጣችሁ ዕለት ያ ፈቃድ አብሯችሁ አይጓዝም፤ ለመመለስ የቪዛ ማመልከቻውን ቅጽ ዲኤስ-160 ሞልታችሁ ኤምባሲ ትቀርባላችሁ፣ ቆንስሉም ፋይሉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይመረምራል። ኢሚግሬሽን ስለፈቀደ የመፍቀድ ግዴታ የለበትም። እናት ታማ ወይም ለለቅሶ ብሎ የወጣ ሰው ሱቁ እዚህ ኪራይ እየቆጠረበት እዚያ ቀጠሮ ይጠብቃል። ጠበቃ ይሄን ሳይጠየቅ አያነሳውም፤ ደንበኛውም አይጠይቅም፣ ሁለቱም ፈጣኑን መንገድ ይወዱታል። እኔ የምለው፣ አገር ቤት ደርሶ መመለስ የማይቀርላችሁ ከሆነ ከመጀመሪያው በኤምባሲ በኩል አመልክቱ። ቀይራችሁ ከሆነና መውጣት ግድ ካላችሁ፣ የንግዱን የግብር ወረቀት፣ የደመወዝ መዝገቡንና የኪራይ ውሉን ይዛችሁ፣ ሱቁን የሚያስተዳድር ሰው ተክታችሁ ውጡ።

ቢዝነስ ፕላኑን ከኢንተርኔት አትገልብጡ። ንግዱ በአምስት ዓመት ውስጥ ከቤተሰባችሁ የዕለት ጉርስ ያለፈ ገቢ እንደሚያስገኝ በቁጥር ማሳየት አለበት፤ ባለቤቱን ብቻ የሚያበላ ሱቅ ውድቅ ይደረጋል።

በኢ-2 ስትገቡ በተለምዶ ሁለት ዓመት ይሰጣችኋል። ፓስፖርታችሁ ከዚያ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ግን አይ-94 በፓስፖርቱ ቀን ሊቆረጥ ይችላል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ አሳድሱ። የመቆያ ቀናችሁን የሚወስነው አይ-94 ነው፣ ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን አይደለም። በገባችሁ ማግስት ከድረ ገጹ አውርዳችሁ እዩት። የሚስታችሁን ወይም የባላችሁንም ለብቻው እዩ፦ «ኢ-2ኤስ» ይላል? ኤሷ ከሌለች ቀጣሪው ያንን ወረቀት እንደ ሥራ ፈቃድ አይቀበለውም፤ ሳይውል ሳያድር ይታረም።