ሀብታም አገር አደጋ ሲደርስበት መዋጮ ለመስጠት እንዴት ይወሰናል?

ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት፣ እኛ ጅማ ላይ የገናን በዓል አክብረን ልንተኛ ስንል፣ በሎስ አንጀለስ ዙሪያ እሳት ተነሣ። ልጆቻቸው እዚያ የሚኖሩ ወላጆች በማግስቱ ከስልካቸው ሳይለዩ ዋሉ። በሚቀጥለው የእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ አባል ለተቃጠሉት መዋጮ ይደረግ የሚል ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ሌላው ተነሥተው “አሜሪካ እኛን ትርዳ ይባላል እንጂ እኛ አሜሪካን እንርዳ ይባላል እንዴ?” ሲሉ ጠየቁ። ሁለቱም የተናገሩት ከልባቸው ነበር። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንሁ ቃለ ጉባኤውን መያዝ ነበረብኝ፤ ያን ዕለት ግን የሚጻፍ ውሳኔ ሳይገኝ ተበተንን። ከዚያ በኋላ የደረስንበትን አካሄድ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚገጥማቸው እድሮችና ግለሰቦች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

በቅድሚያ ጥያቄውን ማስተካከል ያስፈልጋል። “አገሩ ሀብታም ነው ወይስ ደሃ?” ብሎ መነሣት ክርክር ያበዛል እንጂ ውሳኔ ላይ አያደርስም። ከዚያ ይልቅ “ይህን ገንዘብ የምሰጠው ለምንድን ነው?” ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ታገኙታላችሁ፦ ያዘነን ሰው ለማጽናናት፣ የቆየ ብድር ለመመለስ፣ ወይም ችግር ለማቃለል። ሦስቱም የተከበሩ ምክንያቶች ናቸው፤ ነገር ግን የሚለኩበት መስፈሪያ የተለያየ ስለሆነ አንዱን በሌላው ስም መስጠት ገንዘቡንም ሐሳቡንም ያባክናል።

እድር ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያስተምራል። አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ቤተሰቡ ሲሞትበት እድሩ የሚከፍለው ገንዘብ ለቀን ሠራተኛው ከሚከፈለው አይለይም፤ “እሱ ምን ጎድሎት” ብሎ ለቅሶ የሚቀር ጎረቤትም የለም። ለቅሶ የምንደርሰው የሟቹን ቤት ኑሮ ለመደጎም ሳይሆን ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ነው። እንግዲህ ሎስ አንጀለስ ያለ ዘመዳችሁ ቤቱ ከተቃጠለበት፣ ወይም ሰፈሩን ለቆ እንዲወጣ ተነግሮት በመኪናው ውስጥ ካደረ፣ አገሩ የዓለም ሀብታም መሆኑ ከእናንተ የሚጠበቀውን አያስቀርም። ይሁን እንጂ ይህ የማጽናናት ግዴታ የሚፈጸመው በስልክ፣ በመልእክት፣ በጸሎትና በዱዓ ነው፤ ገንዘብ ቢጨመርበትም መጠኑ ሳይሆን ማን እንደላከው ነው የሚታየው። ከእድራችን አባላት አንዲት እናት ሁለት ኪሎ የአጋሮ ቡና ቆልተው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ አፉን በክር አስረው ወደ ስብሰባው ይዘው መጡና “ልጄ፣ ብሩን እናንተ ተነጋገሩበት፤ ይህን ግን የሚሄድ ሰው ፈልግልኝ” አሉኝ። መንገደኛ ተገኝቶ ደረሰላቸው። የማጽናናትን ነገር እሳቸው ያለ ብዙ ንግግር ጨርሰውታል።

ብድር መመለስ ሁለተኛው ምክንያት ነው። ሜክሲኮ በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ተቃውማ ነበር። መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲን የመሬት መንቀጥቀጥ ባፈራረሳት ጊዜ፣ አገራችን ራሷ በረሃብ ላይ ሳለች፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር 5,000 ዶላር ላከ። በገንዘብነቱ ከታየ ለዚያች ከተማ ምንም ማለት አይደለም፤ በብድርነቱ ከታየ ግን ሙሉ ነበር። እንዲህ ያለ ውለታ ያለባችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ልጃችሁን ያሳከመ ወይም ትምህርት ቤታችሁን ያሠራ የውጭ ማኅበር አባላት አደጋ ከደረሰባቸው፣ ጥቂትም ቢሆን ከደብዳቤ ጋር በቀጥታ ለእነርሱ ላኩ። ደብዳቤው ከገንዘቡ ጋር አብሮ መሄዱ ግድ ነው፤ ያለ እሱ የተላከ ብር የብድር መልስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ሦስተኛው፣ ማለትም ችግር ለማቃለል የሚሰጠው ነው። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት “ይህ ገንዘብ ባይሄድ ሳይሠራ የሚቀር ነገር አለ?” የሚለው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ከ18,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል ወይም ደብዛቸውን አጥፍቷል፤ መንግሥት የገመተው የንብረት ጉዳት 16.9 ትሪሊዮን የን ነበር። ሆኖም ያንን ጉዳት የሚሸከመው በዋናነት የጃፓን የመንግሥት በጀትና የመድን ድርጅቶች ነበሩ። ከመላው ዓለም በቀይ መስቀል በኩል የተሰበሰበው መዋጮ እንኳ ወደ ተጎጂዎች እጅ ለመድረስ ወራት ወስዶበታል፤ ምክንያቱም የማን ቤት ምን ያህል እንደፈረሰ መዝግቦ ማስረጃ የሚሰጡት የየከተማው ጽሕፈት ቤቶች ራሳቸው ሠራተኞቻቸውንና መዛግብታቸውን በውኃው አጥተው ነበር። በዚያ ሰዓት የጎደለው ነዳጅ፣ መንገድ፣ የሰው ኃይልና ጊዜ ነበር፤ ተጨማሪ ገንዘብ እነዚህን አያፋጥንም።

ይህ ማለት ግን በሀብታም አገር ውስጥ ከድጋፍ ውጭ የሚቀር የለም ማለት አይደለም፤ በዚህ ላይ ያኔ የተቃወሙትም አባል በኋላ ተስማምተዋል። መድን የሚከፍለው ለቤቱ ባለቤት ነው። በዚያ ቤት በጽዳት፣ በአትክልት ሥራ ወይም በሞግዚትነት ይተዳደር የነበረው ሰው ቤቱ ሲቃጠል እንጀራው አብሮ ይቃጠላል፤ የሚክሰውም የለም። ፌማ የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአደጋ ጊዜ ተቋም የሚሰጠውን የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ፣ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው በራሱ ስም ሊያገኝ አይችልም። ከእነዚህ መካከል የአገራችን ልጆችም ሊኖሩ ይችላሉ፤ በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሿ ኢትዮጵያ የሚባል ሰፈር እንዳለ ይታወቃል። ስለዚህ ወደዚያ ለመላክ ከወሰናችሁ፣ ስሙ ለገነነና ገንዘብ ለማያጣ ድርጅት ከመጨመር፣ እንዲህ ከመዝገብ ውጭ የቀሩትን የሚያውቅና የሚያገኝ የአካባቢ ማኅበር ወይም የእምነት ተቋም ፈልጉ።

ገንዘቡን ከመሰብሰባችሁ በፊት የሚሄድበትን መንገድ አረጋግጡ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለተጎዳንበት ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በቱርክና በሶርያ ከ50,000 በላይ ሰዎችን የገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ብር አዋጣን፤ በምን እንደምንልከው ግን አልጠየቅንም ነበር። ብሩ በገንዘብ ያዣችን ሒሳብ ውስጥ ስድስት ወር ያህል ተቀመጠ። ለሌላ አገልግሎት ለማዋል ስንነሣ ደግሞ የሰጠውን ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነብን፤ ከተማውን ለቀው የሄዱ ሁለት አባላትን ለማግኘት ብቻ ሳምንታት ፈጀብን።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ከዚህ እጅግ በሚበልጥ መጠን ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. የእስያው ሱናሚ ከደረሰ በኋላ በአንድ ሳምንት አካባቢ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገኝን ገንዘብ አግኝቻለሁ፣ ከዚህ በላይ አትላኩ ሲል በይፋ አስታወቀ፤ የተረፈውንም ወደ ሌሎች ችግሮች ለማዞር የሰጪዎቹን ፈቃድ ጠየቀ። ከዚህ የምንማረው፣ ለታመነ ድርጅት ስትሰጡ “ለዚህ አደጋ ብቻ” ብላችሁ አትገድቡት፤ “ለአስቸኳይ እርዳታ” ብላችሁ ስጡ። አደጋው የደረሰው በሀብታም አገር ከሆነ ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የሚተርፈው ገንዘብ ብዙ የሚሆነው እዚያ ነውና።

ከጅማ ወደ ውጭ መላክ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ብር ብቻ ባለው የባንክ ካርድ በውጭ ድረ ገጾች ላይ መክፈል በአብዛኛው አይቻልም። ውጭ ያለ ሰው በዶላር ይክፈልልኝና እኔ እዚህ ለቤተሰቡ በብር እሰጣለሁ የሚለው የተለመደ ዘዴ ከሕግ ጋር ያጋጫል፤ እድር በማኅተሙ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባት የለበትም። “ጎ ፈንድ ሚ” በሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ወይም በቴሌግራም የሚመጣ የእርዳታ ጥሪ ሲደርሳችሁ፣ ገጹን የከፈተው ማን እንደሆነና ገንዘቡን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ለይታችሁ እወቁ፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚያም ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ የተጎጂውን ድምፅ ስሙ፤ በጥሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ማረጋገጫ አይሆንም። ልብስ መሰብሰብንማ አታስቡት።

መጠኑንም በሐቅ ማየት ይገባል። በሎስ አንጀለሱ እሳት ወቅት አንድ ዶላር ከ120 ብር በላይ ስለነበር 10,000 ብር 84 ዶላር አይሞላም፤ ሎስ አንጀለስ ላይ ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ሌሊት የሆቴል ኪራይ ቢሸፍን ነው። በእነዚያው ሳምንታት በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ይንቀጠቀጥ ነበርና በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጥተው ነበር። መድን የሚባል ነገር የላቸውም፤ የሚያድሩትም ሸራ ሥር ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሲቀብር፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን በእጃቸውና በአካፋ ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ያንን ዜና ሰምተን ሳምንቱን ሙሉ አዝነን ነበር፤ እድራችን ግን ስለ መዋጮ አልተነጋገረም፤ ማንም ሐሳብ አላቀረበም። የሎስ አንጀለሱ ምስል በስልካችን ላይ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ነው ስብሰባ የተጠራው። ይህን ሳስበው አሁንም ይከብደኛል፤ የምናየው ነገር ብዛት የችግሩ ልክ እንዳልሆነ ለአባላት ግልጽ ተደርጎ መነገር አለበት ብዬም አምናለሁ።

ውሳኔው በእድር የሚደረግ ከሆነ መተዳደሪያ ደንባችሁን አስቀድማችሁ አንብቡ። አብዛኛው እድር የአባላትን ወርኃዊ መዋጮ ከደንቡ ውጭ ለማዋል ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከዋናው ካዝና ሳትነኩ በፈቃድ የሚሰጥ ለብቻው መዝግቡ። ዝርዝሩን በጉባኤ ፊት አታንብቡት፤ አቅም የሌለው ሰው እንዳያፍር። በሁለተኛው ስብሰባችን አንድ ደብተር በሦስት ዓምድ አሠመርንና እያንዳንዱ አባል ገንዘቡ በየትኛው ዓምድ እንዲገባ እንደሚፈልግ ለብቻው ነገረኝ። በማጽናኛው ዓምድ የገባው ጥቂት ብር፣ ልጆቻቸው ለተፈናቀሉባቸው ሁለት ወላጆች፣ እዚሁ ሰፈራችን ቤታቸው ድረስ ተወሰደ፤ እኛ ልንደርሰው የምንችለው ለቅሶ የእነርሱ ነበርና። የብድር ዓምድ ባዶ ሆኖ ቀረ። በሦስተኛው ዓምድ የገባው አብላጫው ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር “ለአስቸኳይ እርዳታ” ተብሎ ገቢ ተደረገ፤ ደረሰኙም በዚያው ደብተር ላይ ከስም ዝርዝሩ ትይዩ ተለጥፏል።